ኮቶባንክ ሲፈተሽ፦ የጃፓንኛ የአራዳ ቃላት ከየት እንደመጡ በነፃ ለሚፈልግ

አኒሜ የሚከታተል ሰው «ያባይ»ን፣ «ማጂ»ንና «ኪሞይ»ን ማንም ሳያስተምረው ይለምዳቸዋል። ትርጉማቸውን ለማወቅ ጂሾ የተባለው ነፃ የጃፓንኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይበቃዋል። ቃሉ ከየት መጣ፣ መጀመሪያ በማን አፍ ነበር፣ መቼ ተጻፈ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ግን ጂሾ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ኮቶባንክ ነው። ክፍያ የለውም፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ጃፓናውያን ራሳቸው የሚገቡበት ነው። ችግሩ ከዳር እስከ ዳር በጃፓንኛ መሆኑ ነው። የት ላይ ምን እንደሚነበብ ያላወቀ ሰው መልሱ ፊቱ ተቀምጦለት ባዶ እጁን ይወጣል።

ኮቶባንክ በ2009 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተከፈተ ድረ ገጽ ሲሆን ከጀማሪዎቹ አንዱ አሳሂ ሺምቡን ጋዜጣ ነው። ራሱ መዝገበ ቃላት አይደለም። የብዙ አሳታሚዎችን መዝገበ ቃላትና ኢንሳይክሎፒዲያ በአንድ ገጽ ላይ አንዱን ከሌላው በታች ይደረድራል። ለአራዳ ቃል ከነዚህ ውስጥ የሚጠቅሙት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሾጋኩካን የተባለው አሳታሚ ናቸው። አንደኛው ዲጂታል ዳይጂሰን ነው፤ አጭር ነው፣ በየጊዜው አዳዲስ ቃል ይጨመርበታል። ሁለተኛው ሴይሰምባን ኒሆን ኮኩጎ ዳይጂተን ይባላል። ይህ በ2005 እና በ2006 በሦስት ቅጽ የታተመና 300,000 ያህል ቃላት የያዘ የታሪክ መዝገበ ቃላት ነው፤ ቃሉ የተጻፈበትን ጥንታዊ ጽሑፍ ከነዓመቱ ይጠቅሳል። የቃል ምንጭ ለሚፈልግ ሰው ወርቁ ያለው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። ገጹ ላይ ወደታች የሚወርድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ይወጣል።

ፍለጋው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመጀመሪያው እርምጃ ነው። በላቲን ፊደል «ሺካቶ» ብላችሁ ብትጽፉለት ኮቶባንክ የሚረባ ነገር አያመጣም፤ ጂሾ ግን የላቲኑን ፊደል ወደ ጃፓንኛ ፊደል ራሱ ይቀይረዋል። ስለዚህ መንገዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጂሾ ላይ በላቲን ጻፉ፣ የወጣውን የጃፓንኛ ጽሑፍ ኮፒ አድርጉ፣ ኮቶባንክ ላይ ፔስት አድርጉ። ጂሾ ሌላም ጥቅም አለው። የሰማችሁት ግሥ በኃላፊ ጊዜ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ሳቦታ» ከሆነ፣ ወደ መሠረቱ ወደ «ሳቦሩ» ይመልስላችኋል። ኮቶባንክ ይህን አያደርግም፤ መዝገበ ቃላት የሚያውቀው መሠረታዊውን ቅርጽ ብቻ ነው። ጃፓንኛ ካታካናና ሂራጋና የሚባሉ ሁለት የድምፅ ፊደላት አሉት፤ ቃሉ በካታካና ተጽፎ ካልተገኘ በሂራጋና ሞክሩት።

ጂሾም ኮቶባንክም የማያድኑበት አንድ ወጥመድ ግን አለ። የወንድ ልጆች ንግግር ውስጥ ቅጽል መጨረሻ ላይ ያለው «አይ» ወይም «ኦይ» ወደ ረዥም «ኤ» ይለወጣል፤ «ያባይ» «ያቤ»፣ «ሱጎይ» «ሱጌ»፣ «ኡማይ» «ኡሜ» ይሆናል። የሰማችሁትን እንዳለ ብትፈልጉ አንዳንዱ ይገኛል፣ አንዳንዱ አይገኝም። ካልተገኘ መጨረሻውን ወደ «አይ» ወይም «ኦይ» መልሳችሁ ሞክሩ።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ዳይጂሰን ላይ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከቃሉ ቀጥሎ፣ ከትርጉሙ በፊት፣ በድርብ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል፤ አለዚያም ከትርጉሙ በኋላ «ሆሴትሱ» የሚል ምልክት ያለው ማስታወሻ አለ። በትልቁ መዝገበ ቃላት፣ ማለትም በሁለተኛው፣ ደግሞ ቃሉ የተገኘበት ጽሑፍ ስምና ዓመቱ ይጠቀሳል። ለአንዳንድ ቃላት «ጎሺ» የሚል ክፍል ተጨምሯል፤ እሱ የቃሉ የሕይወት ታሪክ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቃላት ማወቅ ግድ ነው። «ኖ ርያኩ» ካለ ቃሉ የሌላ ቃል አጭር ነው፤ ይህ በእርግጠኝነት የተባለ ነው። «ካራ ቶ ኢዩ» ካለ «ከዚህ መጣ ይባላል» ማለት ነው፤ አዘጋጆቹ ኃላፊነቱን አልወሰዱም። አንዲት «ካ» ብቻ ጣል ተደርጋ ከሆነ «ሳይሆን አይቀርም» ነው። «ሚሾ» ደግሞ ምንጩ አይታወቅም ማለት ነው። የማሽን ትርጉም ይህችን «ካ» አዘውትሮ ይውጣታል፤ ግምት የነበረው ነገር እንደ ሐቅ ተተርጉሞ ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ ስለ ጃፓንኛ ቃላት በልበ ሙሉነት ለሚነገረው ብዙ ተረት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ገጹን በሙሉ ከመተርጎም ይልቅ ዮሚታን የሚባለውን የብራውዘር ተጨማሪ መጠቀም ይሻላል። የጄኤምዲክት መዝገበ ቃላትን አንድ ጊዜ ከጫናችሁበት በኋላ፣ ሺፍት ተጭናችሁ ማውሱን ቃሉ ላይ ስታሳርፉ የዚያን ቃል ትርጉም ብቻ በእንግሊዝኛ ያሳያል። «ካ»ም ከዓይናችሁ አታመልጥም።

አሁን ወደ ፈተናው። «ሺካቶ» ሰውን እንዳላዩ ማለፍ፣ በእኛ አነጋገር መዝጋት ነው። ዳይጂሰን ማስታወሻው ላይ ምንጩን ሃናፉዳ ወደሚባለው የጃፓን መጫወቻ ካርታ ይወስደዋል። ሃናፉዳ 48 ካርታ አለው፤ ለ12ቱ ወር ለእያንዳንዱ 4 ይደርሰዋል። የ10ኛው ወር ካርታዎች የሜፕል ቅጠል የተሣለባቸው ሲሆኑ ከነሱ በአንዱ ላይ አጋዘን ቆሟል፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል። አጋዘን «ሺካ» ነው፣ አሥር «ቶ» ነው፣ ሲጣመሩ «የአጋዘኑ አሥር» ሆኑ። ቁማርተኞች ፊቱን ላዞረ ሰው የሰጡት ስም ከካርታ ቤት ወጥቶ ተማሪ ቤት ገባ። ካርታውን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ይህን ምንጭ አይረሳውም፤ ሥዕሉን ለብቻው ፈልጉት። የጃፓን ወንበዴዎች የሚጠሩበት «ያኩዛ» የሚለው ስምም ከዚያው ከካርታ ቤት የወጣ ነው፦ «ያ» 8፣ «ኩ» 9፣ «ዛ» 3 ነው፤ ሲደመሩ 20 ይሆናሉ፤ በኦይቾ-ካቡ ጨዋታ የሚቆጠረው የመጨረሻው አሃዝ ስለሆነ ዋጋው ዜሮ ነው። የማይረባ እጅ ማለት ነው።

«ዶታክያን» የኮቶባንክን ድካም በደንብ ያሳያል። ትርጉሙ ሰዓቱ ሲደርስ ቀጠሮ መሰረዝ ነው። ገጹ የሚነግራችሁ «ዶታምባ ኪያንሴሩ» የሚለው አጭር መሆኑን ብቻ ነው። ኪያንሴሩ ከእንግሊዝኛ የመጣው «ካንስል» ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። እዚያ ላይ ከቆማችሁ ግን ዋናው ነገር አመለጣችሁ። «ዶታምባ»ን ለብቻው ፈልጉት፦ በኤዶ ዘመን (1603–1868) አንገት ለመቅላት ከአፈር የተሠራ መደብ ነው። የመጨረሻዋ ሰዓት የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ዛሬ አንዲት ተማሪ ለጓደኛዋ «ይቅርታ፣ አልመጣም» ብላ ስትቀር የምትጠራበት ቃል ግማሹ የመቅያ መደብ ነው። ለተጣመረ ቃል ሁሉ ሁለት ጊዜ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ኮቶባንክ ከአንዱ ወደ ሌላው እጃችሁን ይዞ አይወስዳችሁም።

«ሳቦሩ» ላይ ግን ገጹ አጥጋቢ ነው። ትምህርት ወይም ሥራ መፎረፍ ማለት ሲሆን «ሳቦ» የተወሰደው ከፈረንሳይኛው «ሳቦታዥ» ነው፤ «ሩ» ግሥ የሚያደርገው ጅራት ነው። በፈረንሳይኛ ቃሉ ሆን ብሎ ማበላሸትን ያመለክታል፤ ጃፓን ሲገባ ወደ ሥራ ማጓተት ዞረ። ይህን ለመረዳት ከመዝገበ ቃላት ውጭ ያለውን ታሪክ ማወቅ ይረዳል። በ1919 በኮቤ የካዋሳኪ መርከብ ማምረቻ ሠራተኞች ከሥራ ገበታቸው ሳይወጡ ሥራውን አቀዘቀዙ፤ የ8 ሰዓት የሥራ ቀንም አገኙ። ጋዜጦች ይህን «ሳቦታጁ» ብለው ጻፉት፣ ሕዝቡ አሳጠረው። በዚሁ «ሩ» ላይ የተሠሩ ብዙ ናቸው፦ ከጉግል «ጉጉሩ»፣ ከሂፕሆፕ ዘፋኞች ከመጣው «ዲስ» «ዲሱሩ» (ሙድ መያዝ)፣ እንዲሁም ኢንተርኔት ላይ መጋጋልን የሚገልጸው «ባዙሩ»።

ገልብጦ መናገር ሌላው ሰፊ መስክ ነው። ትኬት ገዝቶ በውድ የሚሸጥ ሰው «ዳፉያ» ይባላል፤ «ፉዳ» ማለትም ትኬት ተገልብጦ ነው። ርካሽ ማደሪያ የሞላበት ሰፈር «ዶያጋይ» ነው፤ ማደሪያ «ያዶ» ነበር። የቀልድ ወይም የወሬ ጥሬ ዕቃ «ኔታ» ነው፤ ዘር «ታኔ» ነው፤ ሱሺ ቤትም ሩዙ ላይ የሚቀመጠው ዓሣ «ኔታ» ይባላል። መርማሪ ፖሊስ «ዴካ» የተባለበት መንገድ ደግሞ ትንሽ ጠመዝማዛ ነው። በሜጂ ዘመን (1868–1912) ሲቪል ለብሰው የሚሠሩ ፖሊሶች እጅጌው አራት ማዕዘን የሆነ ኪሞኖ ይለብሱ ነበር፤ «ካኩሶዴ» ይባላል። አራቱን ድምፆች ስትገለብጧቸው «ዴ-ሶ-ኩ-ካ» ይሆናሉ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀሩ። እንዲህ ያሉትን የሌባና የፖሊስ ቃላት ኮቶባንክ በሚገባ ይዟቸዋል፤ ዕድሜ ስላላቸው የታተሙት መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብተዋል።

«ያባይ» ላይ ትልቁ መዝገበ ቃላት ዋጋውን ያሳያል። ጃፓን ውስጥ ያሉ ብዙ ወላጆች ቃሉ የልጆቻቸው ፈጠራ ይመስላቸዋል። ሥሩ «ያባ» ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በወጣ የጉዞ ቀልድ ልብወለድ ውስጥ «አደገኛ፣ የሚያስይዝ ነገር» በሚል ትርጉም ይገኛል። ቀጥሎ የሌቦችና የአዟሪ ነጋዴዎች ቃል ሆኖ ቆየ፤ «ፖሊስ መጣ» ዓይነት ነው። በ1980ዎቹ ወጣቶች «የማያምር» ለማለት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ «እጅግ ግሩም» ለማለት ተጠቀሙበት። የጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ በ2014 በጀት ዓመት ባደረገው የቋንቋ ጥናት ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉት ከ90 በመቶ በላይ በዚህ በበጎ ትርጉሙ እንደሚጠቀሙበት ተናግረዋል። የእኛው «ቀውጢ» ከመከራ ቀን ተነስቶ ቀውጢ ሠርግ ላይ እንደደረሰው ሁሉ ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ለመረዳት ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይቀድማል። «ያባ» ራሱ ከየት መጣ ለሚለው ከቀስት መወርወሪያ ቤት ጀምሮ ብዙ መላ ምት አለ፤ «ካ»ን መፈለግ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

ዓመቱ የሚጠቅመው ተረቱን ከእውነቱ ለመለየት ነው። «ዳሳይ» ማለት ፋራ ነው። ብዙ ቦታ «ዳቴ ሳይታማ ዳካራ»፣ ማለትም «ምን ይደረግ፣ ሳይታማ ነዋ» ከሚለው የተቆረጠ እንደሆነ ታነባላችሁ፤ ሳይታማ ከቶኪዮ በስተሰሜን ያለ አውራጃ ነው። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን «ዳሳይ» በ1970ዎቹ በወጣቶች አፍ ነበር፣ «ዳሳይታማ» የሚለው ፌዝ የተስፋፋው በ1980ዎቹ ነው። ልጅ አባቱን አይወልድም። የበለጠ ክብደት የሚሰጠው «ኢናካ» (ገጠር) የሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት በሌላ ንባባቸው «ዳሻ» ተብለው «ዳሳይ» ከዚያ መጣ የሚለው ነው፤ እሱም ቢሆን ግምት ነው። ትልቁ መዝገበ ቃላት የሚሰጠው ዓመት ግን ቃሉ የተወለደበት አይደለም፤ ተጽፎ የተገኘበት ነው። የአራዳ ቃል ወረቀት ላይ እስኪወጣ ድረስ በአፍ ብዙ ይቆያል። የትውልድ ታሪኩ ከተጻፈበት ዓመት በኋላ ከሆነ ተረቱን ጣሉት፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ዓመቱ ብቻውን እውነት አያደርገውም።

ኮቶባንክ የሚወድቀው አዲስ ቃል ላይ ነው። ትልቁ መዝገበ ቃላት በ2006 ስላለቀ «ኤሞይ» (ስሜት የሚነካ) ወይም «ፒየን» (የለቅሶ ድምፅ) እዚያ ውስጥ መጠበቅ የለባችሁም። ዳይጂሰን አንዳንዱን ይዟል፤ ግን ቃሉ ከወጣ በኋላ ዘግይቶ ነው። «ኩሳ»ን ውሰዱ፤ ሣር ማለት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ግን ሳቅ ነው። ገጹ በተክል ይጀምራልና እዚያ መድከም አያዋጣም። መንገዱ እንዲህ ነበር፦ «ዋራይ» (ሳቅ) የሚለው ፊደል በቅንፍ ይጻፍ ነበር፤ ቀጥሎ ከላቲኑ አጻጻፍ የመጀመሪያዋ ፊደል ደብሊው ብቻ ቀረች፤ ሳቁ ሲበዛ ደብሊው በተከታታይ ተደረደረ፣ ሲታይም የበቀለ ሣር መሰለ። ከዚያ «ኩሳ» አሉት፤ በጣም የሚያስቀው ደግሞ «ዳይ ሶገን»፣ ትልቅ ሜዳ ሆነ። ለዚህ ዓይነቱ የኒኮኒኮ ዳይህያካና የፒክሲቭ ኢንሳይክሎፒዲያ ይበልጣሉ። ሁለቱም በተጠቃሚዎች የሚጻፉ ናቸው፤ ስለ ኢንተርኔት ቃል የሚጽፉት ቃሉ ሲወለድ እዚያው የነበሩት ናቸው። ስለ ኤዶ ዘመን ሲያወሩ ግን አትመኗቸው።

ለዓመት ማመሳከሪያ ሁለት ነፃ ዝርዝሮች አሉ። አንዱ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚመረጠው የዓመቱ መነጋገሪያ ቃል ሽልማት ነው፤ «ቾ ቤሪ ባ» («እጅግ መጥፎ») በ1996 ከአሥሩ ውስጥ ገብቷል፣ ዛሬ የሚለው ሰው የለም። ሌላው ሳንሴይዶ የተባለው የመዝገበ ቃላት አሳታሚ የሚመርጠው የዓመቱ አዲስ ቃል ነው፤ «ኤሞይ» በ2016 2ኛ፣ «ፒየን» በ2020 1ኛ ወጥተዋል። የሽልማት ዓመት ግን ቃሉ የገነነበት እንጂ የተፈጠረበት አይደለም።

ኒሆንጎ ዞኩጎ ጂሾ የሚባል ለአራዳ ቃል ብቻ የተሠራ ድረ ገጽም አለ። ለእያንዳንዱ ቃል ዘመኑን፣ ዓይነቱን (የወጣት፣ የቁማርተኛ፣ የሞተ ቃል) እና ማብራሪያውን ይሰጣል፤ ጃፓንኛውም ከትልልቆቹ መዝገበ ቃላት ይልቅ ቀለል ይላል። እንደ «ናዊ» ያለውን፣ ከእንግሊዝኛው «ናው» ተሠርቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ የገነነና ዛሬ ሽማግሌ ብቻ የሚለውን ቃል፣ «ሺጎ» ማለትም የሞተ ቃል ብሎ ይመድበዋል። ይህ ምልክት ለተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሞተ ቃል ቶኪዮ ውስጥ ብትጠቀሙ ይሳቅባችኋል። ጉድለቱ የሰጠውን ዓመት ከየት እንዳመጣው አለመጥቀሱ ነው። ስለዚህ መነሻ ይሁናችሁ፤ ማረጋገጫውን ኮቶባንክ ላይ ፈልጉ።

ክፍያን በተመለከተ፦ የታሪክ መዝገበ ቃላቱ ሙሉ እትም፣ ማለትም 13 ቅጽና ግማሽ ሚሊዮን ቃላት ያለው፣ ጃፓንኖሌጅ በሚባለው የክፍያ ድረ ገጽ በኩል በወር ከ1,500 የን በላይ ይከፈልበታል። ለትርጉም ሥራ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ካልሆነ አያስፈልግም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ቤተ መጻሕፍታችሁ አስቀድሞ ከፍሎ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ኮቶባንክ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ስልክ ላይ ማስታወቂያው በሁለቱ መዝገበ ቃላት መካከል ስለሚገባ ገጹ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም፣ ወደታች ውረዱ። ከኮቶባንክ የወሰዳችሁትን ስትጽፉ ከሁለቱ የትኛው እንደተናገረ መጥቀስም አትርሱ፤ በአንድ ገጽ ላይ የተለያየ ነገር ሲሉ ይገኛሉ።

ያለ ኢንተርኔት ኮቶባንክ አይሠራም። መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ሰው አንድሮይድ ላይ ታኮቦቶ የሚባለውን ነፃ አፕ መጫን ይበጃል፤ ጂሾ የሚጠቀምበትን ያንኑ የጄኤምዲክት መረጃ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል። ምንጭ አይነግራችሁም። ቃሉን፣ ትክክለኛ አጻጻፉንና የአራዳ ቃል መሆኑን የሚያመለክተውን ምልክት ግን ታገኛላችሁ፤ ዝርዝር ይዛችሁ መስመር ሲመጣ በአንድ ጊዜ ኮቶባንክ ላይ ትፈልጉታላችሁ።